«በደሞዝ ያልሆነልኝ በነጻ ይሆንልኛል?»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከደሴ ነው። ረዘም ስላለ አሳጥሬዋለሁ። ሰውየውን ሊያሳውቁ የሚችሉ ነገሮችንም አውጥቻለሁ።

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። እንደ ታናሽ ወንድምዎ ቆጥረው ‹አንተ› እያሉ ይመልሱልኝ። የ38 ዓመት ሰው ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ 14 ዓመቴ ነው። ድሮ ክፍል የምገባው ደስ እያለኝ ነበር። የ2015 የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ካስተማርኳቸው ልጆች 50 ከመቶ ያመጣ አንድም አልነበረም። አንድም። ከዚያ ወዲህ ጥቂት ጥቂት ማለፍ ጀምረዋል። የእኔ ልብ ግን አልተመለሰም። አሁን ጀርባዬን ለተማሪ ሰጥቼ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ደወል ሲደወል እወጣለሁ። ደሞዙም ወሩን አያደርሰኝም። የአጎቴ ልጅ ‹ተወው፣ አብረን ባጃጅ እንግዛ› ይለኛል።

«በዚህ መሃል የቅሬያችን (እናንተ ጋ እድር የሚባለው) ዳኛ ጠሩኝ። ሽማግሌ ሰው ናቸው። ‹የሰፈሩ ሕፃናት ማንበብ አልቻሉም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በቅሬው ቤት አስተምርልን› አሉኝ። ዝም አልኳቸው። ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነኝ። በደሞዝ ያልሆነልኝ በነጻ ይሆንልኛል? ባለቤቴ ‹ቤት ተቀምጠህ ከምትቆዝም ሂድ› ትላለች። ለእኔ ግን ሌላ ሸክም መስሎ ታየኝ። ምን ይሉኛል?»

ወንድሜ፣ መምህር፤

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «አንድም» የሚለውን ቃል ሁለቴ ጽፈኸዋል፤ ሁለተኛውን ብቻውን አቁመኸዋል። ስለዚህ ከእሱ እንጀምር።

የዚያ ዓመት ውጤት መስከረም 2016 መጨረሻ ላይ ይፋ ሲሆን፣ በመላ አገሪቱ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ይህን የምጠቅሰው «ሁሉም ወድቋል፣ አይዞህ» ልልህ አይደለም። የሌላው መውደቅ ያንተን ቁስል አያሽርም። ግን የብዙ ሰውና የብዙ ዓመት ነገር የሆነውን ለብቻህ ተሸክመኸዋል። እስቲ ልጆቹ የመጡበትን መንገድ አብረን እንመልከት። 9ኛ ክፍል ሳሉ፣ መጋቢት 2012 ላይ፣ ትምህርት ቤት በኮሮና ምክንያት ተዘጋ። 11ኛ ክፍል ገና ሲጀምሩ፣ ጥቅምት 2014 ላይ፣ ጦርነቱ ደሴ ገባ። ያን ጊዜ አንተና ቤተሰብህ የት እንደነበራችሁ አልጻፍክልኝም፤ እኔም አልጠይቅህም።

አሁን ደግሞ ወደ ኋላ እንሂድ። እነዚህ ልጆች 2ኛ ክፍል የነበሩት በ2005 ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2002፣ በተለያዩ ክልሎች የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ጽሑፍ ላይ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እንዲህ ሆኖ የጀመረ ልጅ ከክፍል ክፍል እየተገፋ መጥቶ አንተ ፊት ይቀመጣል። አንተ የኒውተንን ሕግ ልታስረዳው ትደክማለህ። እሱ ጥያቄውን አንብቦ መጨረስ አልቻለም። ያውም በእንግሊዝኛ የተጻፈውን።

ስለዚህ የቅሬው ዳኛ ሌላ ሸክም ሊጭኑብህ የመጡ አይመስለኝም። የአንተ ክፍል ውስጥ የሚታየው ነገር የሚጀምርበትን ቦታ ነው በጣታቸው ያሳዩህ።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ማጣራት አለብኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ከሥራ የሚመጣን መታከት በዝርዝሩ ውስጥ ሲያስገባው በሽታ አላለውም። ሥራ ላይ የሚቆይና መፍትሔ ያላገኘ ጭንቀት የሚያመጣው ነገር ነው ያለው። ምልክቶቹንም ሦስት አድርጎ አስቀምጧቸዋል። አቅም ይሟጠጣል። ልብ ከሥራው ይርቃል። የምሠራው ሁሉ ፍሬ የለውም የሚል ስሜት ይመጣል። ጀርባህን ለተማሪ መስጠትህ ሁለተኛው ነው። «አንድም» ያልከው ሦስተኛው ነው። ይህ ከሆነ የምንነጋገረው ነገር ይጠቅምሃል ብዬ አምናለሁ። ግን እንቅልፍ ከራቀህ፣ ምግብ ካስጠላህ፣ ከልጆችህ ጋር መጫወት እንኳ ደስ ማለቱን ከተወ፣ ወይም «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ አንዴም ቢሆን ከመጣብህ፣ የቅሬው ቤት ይቆይ። መጀመሪያ ሆስፒታል ሄደህ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ አነጋግር። ለባለቤትህም ንገራት። ይህን ለይሉኝታ ብለህ እንዳትዘለው፣ እለምንሃለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። በደሞዝ ያልሆነልህ በነጻ ይሆንልሃል ወይ?

ወሎ ውስጥ ላደገ ሰው ስለ ደቦና ስለ ወንፈል አላስተምርም። ግን አንድ ነገር አስታውስ። ጠዋት አረም የዋጠው ማሳ ማታ ጥርት ብሎ ይታያል። ሰው ወገቡን ይዞ ቀና ይልና ያየዋል። «ይቺ ከዋርካው እስከ ቦዩ ያለችዋ የኛ ናት» ይላል። ከዚያ ይቀመጣል። ጠላ ለሚጠጣው ጠላ፣ ለማይጠጣው ቀሪቦ ይቀርባል። ይበላል፣ ይዘፈናል፣ ይሳቃል። ወገቡ ያመዋል፤ ልቡ ግን አይደክምም። ሥራው ማታ አለው።

ያንተ ሥራ ማታ የለውም። ልጁን ዛሬ ታስተምረዋለህ፤ ፍሬው የሚታየው፣ ከታየም፣ ከዓመታት በኋላ ነው። አብዛኛው ልጅ ከግቢ ከወጣ በኋላ የት እንደደረሰ አትሰማም። በመሃል አንድ ቀን ከሩቅ ቦታ አንድ ቁጥር ይመጣና «14 ዓመት የለፋኸው ይህ ነው» ይልሃል። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ልቡ ያልዛለ ሰው ካለ እኔ አላየሁም። አንተ የጎደለህ አንድ ማታ ነው። አንዴ ቀና ብለህ «ይቺ የኛ ናት» የምትልበት ማሳ። ከሰው ጋር ተቀምጠህ የምትበላበት። ትምህርት ቤቱ ይህን አሁን ሊሰጥህ አልቻለም። ቅሬው ሊሰጥህ ይችላል።

ስለዚህ መልሴ፦ ሂድ። ግን አንተ በምታስበው መንገድ አይደለም።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ከራሴ ልንገርህ። እኔ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ሰው ማመልከቻ ይዞ ይመጣል፤ ፋይሉ የለም፤ «ነገ ይምጡ» እንለዋለን። ነገም ሲመጣ «ነገ ይምጡ»። መጀመሪያ ያንን ስል አፍር ነበር። በኋላ ማፈሬንም ተውኩት። እሱን ሳስተውል ነው የደነገጥኩት። በዚያው ሰሞን እድራችን ከሰፈሩ በታች ያለውን ቆሻሻ መጣያ ቦታ አጽድቶ አትክልት ሊተክልበት ተነሳ። ዘልዬ ገባሁ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ፣ ችግኝ የምለምነው እኔ፣ ወረዳ የምመላለሰው እኔ። ያረፈደውን የምቆጣው እኔ። በሦስተኛው ወር ከግማሹ ሰው ጋር ተኳርፌ ነበር። አንዲት ጎረቤቴ ለብቻዬ ጠርታ «እህቴ፣ ቢሮሽን እኮ ይዘሽብን መጣሽ» አለችኝ።

አልቅሼ ገባሁ። ለአንድ ወር ቀረሁ። ስመለስ አንድ ነገር ብቻ ወሰድኩ፤ ማክሰኞና ቅዳሜ ውኃ ማጠጣት። ሌላውን ሌላ ሰው ያዘ። አንዳንዱ ከእኔ የተሻለ ሠራው፣ አንዳንዱ የባሰ። ጎመኑ ደረሰና ቆርጠን ተካፈልን። ከእዚያ ጎመን የሠራሁት ወጥ እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ። መሥሪያ ቤቱ አልተለወጠም። ግን አንድ ቀን ጠዋት አንድ አዛውንት መጡ፤ «ነገ ይምጡ» ልላቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ተነስቼ ፋይሉን መፈለግ ጀመርኩ። 40 ደቂቃ ፈጀ። ተገኘ።

አየህ፣ የሰፈር ሥራ በራሱ መድኃኒት አይደለም። ሲበዛና ለብቻ ሲያዝ ሁለተኛ መሥሪያ ቤት ይሆናል። ሰውን የሚያድነው ትንሽ ሲሆን፣ ከሌላ ሰው ጋር ሲሆንና መጨረሻው ሲታይ ነው።

ላንተ እንዲህ ቢሆን እላለሁ።

ዳኛውን «እሺ» በላቸው፣ ግን ለስምንት ቅዳሜ ብቻ። ከስምንቱ በኋላ እንደሚያበቃ ከአሁኑ ይወቁ። የሚቀጥል ከሆነ እንደ አዲስ ትነጋገራላችሁ። የሰፈሩን ልጅ በሙሉ አትቀበል። 12 ልጅ ይበቃል፤ 2ኛና 3ኛ ክፍል ያሉ፣ ማንበብ ያቃታቸው። ወላጅ 7ኛ ክፍል ያለውን ልጁን ይዞ ይመጣል፤ ሌላውም 12ኛ ክፍል ያለውን። «ማትሪክ ብቻ አስጠናልን» ይሉሃል። ለእነዚህ በትሕትና «ለአሁኑ አልችልም» በላቸው። ይሄ ከባድ ነው፤ በተለይ ሰፈርተኛ ሲሆን። ግን ያቺን በር ከከፈትክ ያ ሩቅ ቁጥር ተከትሎህ ይገባል። ይህ ቤት ፈተና የማይገባበት ቤት ይሁን።

ለብቻህም አትግባ። ከምታስተምራቸው የ11ኛ ክፍል ልጆች ሁለት ጠይቅ። ጎበዞቹን ብቻ አትይ፤ ትዕግሥት ያላቸውን ፈልግ። ጀርባህን ስትሰጣቸው ከከረሙት ልጆች ሁለቱን ከጎንህ አስቀምጠህ ማሠራት በራሱ አንድ ነገር ነው። እሱን እዚያው ታየዋለህ።

አሁን ስለ ፊደል። አንተ የፊዚክስ ሰው ስለሆንክ ይህን ትወደዋለህ። ፊደላችን 33 ሲሆን በ7 ሲባዛ 231 ይመጣል። ልጆቻችን ብዙ ጊዜ የሚይዙት በዜማ ነው። «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» ብሎ ገበታውን እስከ ታች ይወርድልሃል። ወላጅም «ልጄማ ፊደል ቆጥሯል» ይላል። መሃል ላይ አንዷን ነጥለህ «ይቺ ማን ናት?» ስትለው ግን ከመጀመሪያዋ ጀምሮ በልቡ እየቆጠረ ይመጣል። ዜማውን ያውቃል፤ ፊደሏን አያውቃትም። እንዲህ ያለ ልጅ ቃል ማንበብ አይችልም፤ ሰነፍ ስለሆነ ግን አይደለም። መፍትሔው ቀላል ነው። ካርቶን ቁረጥና ፊደሎቹን በማርከር ጻፍ። አደባልቃቸው። እንደ ካርታ ይጫወቱባቸው። ሁለት ፊደል ሲገጥሙ ቃል ይሁን፤ «በግ»፣ «ላም»፣ «ቤት»። ያወቋትን ይዘው ይሂዱ፣ ያላወቋት መሬት ላይ ትቅር። ከሰዓት በኋላ ሁሉ መሬት ላይ ተቀምጠው ሲጨቃጨቁ ትውላለህ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ደግሞ ልኬት ያዝ። ለእያንዳንዱ ልጅ አጭር ጽሑፍ ስጠውና ለአንድ ደቂቃ ጮክ ብሎ ያንብብልህ። ስልክህ ላይ ሰዓት አለ። በትክክል ያነበባቸውን ቃላት ቁጠርና ደብተር ላይ ስሙን፣ ቀኑንና ቁጥሩን ጻፍ። ዜሮ ከሆነ ዜሮ ጻፍ። ለልጁ አትንገረው፣ ደረጃም አታውጣ። በስምንተኛው ቅዳሜ በክብደት ተመሳሳይ የሆነ ሌላ ጽሑፍ ሰጥተህ እንደገና ለካ። ከዜሮ ወደ ዘጠኝ ቃል የሄደች ልጅ ልታገኝ ትችላለህ። ያቺ ዘጠኝ ያንተ ማሳ ናት። ከሩቅ የመጣች ቁጥር አይደለችም፤ በእጅህ ነው የጻፍካት። ምንም ያልተንቀሳቀሰ ልጅም ይኖራል። እሱንም ጻፈው። ምናልባት ዓይኑ ነው፣ ምናልባት ጆሮው ነው፣ ምናልባት ሳይበላ ነው የሚመጣው። 60 ልጅ በታጨቀበት ክፍል ይህ አይታይም። 12 ልጅ ባለበት ይታያል።

ማንበብ ለሚጀምሩት የሚነበብ ነገር ያስፈልጋል። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን ሰምተህ ይሆናል። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነው ሲሠሩ ቆይተው አገራቸው ተመለሱና በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ሾላ አካባቢ፣ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በኋላ ሃዋሳ ላይ መጽሐፉን አህያ በሚጎትተው ጋሪ ጭነው ልጆቹ ወዳሉበት ወሰዱት። እሳቸውን ያነሳሁት እንደሳቸው ሥራ ልልህ አይደለም። ያ ጋሪ ስለሚገርመኝ ነው። መንገዱንና ሰፈሩን የሚያውቅ፣ ሁሉም ሰው ያለው ነገር ነው። አዲስ ሕንፃ አልጠበቁም። እናንተ ጋ ያለው ቅሬ ነው። ቤት አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ጀበና አለው። ገንዘብ ያዥና ጸሐፊ አለው። ከሁሉ በላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያምነዋል። ለቅሶ በሌለበት ቅዳሜ ያ ሁሉ ተቆልፎበት ይውላል። አዲስ ማኅበር ላቋቁም ብትል ፈቃዱና ማኅተሙ ብቻ ዓመት ይፈጅብሃል፤ ልብህም እዚያው ያልቃል። ዳኛው ያለቀ ነገር ነው የሰጡህ።

ስለ ሰዓቱ ወላጆችን ጠይቅ። ቅዳሜ ጠዋት ቁርአን ቤት የሚሄድ ልጅ አለ፤ እናቱን ገበያ የሚያግዝ አለ። ከሰዓት በኋላ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ለብዙዎቹ የሚመች ይመስለኛል። አንተ ግን እኔን አትስማ፣ እናቶቹን ስማ።

ገንዘብ አትንካ። ይህን አጥብቄ ነው የምልህ። ለካርቶን፣ ለማርከር፣ ለቆሎ የሚሆን ትንሽ ብር ይዋጣል። በቅሬው ገንዘብ ያዥ እጅ ይሁን፣ የሚገዛውም ሌላ ሰው ይሁን። ፍጹም ታማኝ ሰው እንደሆንክ አልጠራጠርም። ግን በሰፈር ሥራ ላይ ሰው የሚጣላው ብዙ ጊዜ በዚች በትንሿ ብር ነው። የልጆቹን ፎቶም ፌስቡክ ላይ አትለጥፍ፤ ማንበብ ያልቻለ ልጅ ፊቱ አደባባይ መውጣት የለበትም።

ከትምህርቱ በኋላ ቡና ይፈላ። ይህ ትርፍ ነገር እንዳይመስልህ። ልጆቹ ቆሎ ወይም ንፍሮ ይዘው ሲሯሯጡ፣ አንተ ከእናቶቹና ከዳኛው ጋር አንድ ስኒ ጠጥተህ ተነሳ። የደቦው ማታ ማለት እሱ ነው። ቸኩለህ ከሄድክ ግማሹን ትተኸው ነው የምትሄደው።

ባለቤትህን በተመለከተ፣ «ሂድ» ማለቷ ትልቅ ነገር ነው። ግን ስትሄድ ልጆቹ ከማን ጋር ነው የሚውሉት? እሷ ሳምንቱን ሙሉ ስትሠራ ከርማ ቅዳሜም ለብቻዋ ከሆነች፣ ያንተን ልብ ለመመለስ የእሷ ልብ እየተከፈለ ነው። ትልቁን ልጅህን ይዘህ ሂድ። እሷም አንድ ከሰዓት የራሷ ይሁንላት።

አሁን ስለ ባጃጁና ስለ ደሞዙ። ቅሬው ቤት የወሩን አስቤዛ አይሸፍንም። ይህን ሸፋፍኜ ባልፈው አታለልኩህ ማለት ነው። መምህር በፍቅር ብቻ ይኑር የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነሱ አይደለሁም። የደሞዝ ጥያቄህ ተገቢ ጥያቄ ነው። በመምህራን ማኅበራችሁ በኩል ማንሳትህን አታቁም። ቅዳሜ በነጻ ስላስተማርክ ያ ጥያቄ አይቀንስም። ሥራ መልቀቅም ነውር አይደለም። ባጃጅ መንዳትም የተከበረ እንጀራ ነው። የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ በእነዚህ ስምንት ሳምንታት ውስጥ አትወስን። ልቡ የዛለ ሰው የሚያየው መውጫውን በር ብቻ ነው። ክረምት ላይ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ከአጎትህ ልጅ ጋር ቁጭ በሉና ነዳጁን፣ ጥገናውን፣ ብድሩን፣ ሥራ የማይገኝበትን ቀን ጨምራችሁ አስሉ። ስሌቱ ካወጣ ግባበት። እኔም ደስ ይለኛል። ግን እየሸሸህ እንዳትገባበት።

የትምህርት ቤቱስ ክፍል? ቅዳሜ የምታደርገው ሰኞን ይለውጠዋል ብዬ ቃል አልገባልህም። የእኔ ቢሮ ስንት ጊዜ እንደፈጀብኝ ነግሬሃለሁ። በአገር ደረጃ ያለፉት በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 ከመቶ ወጥተዋል፤ ገና ብዙ ይቀራል። አንተ ብቻህን የምትገፋው ድንጋይም አይደለም። ግን አንዴ ሞክረው። አንድ ክፍለ ጊዜ ላይ ጠመኔውን አስቀምጥና ዞር በል። ሰሌዳ ላይ ልትጽፈው የነበረውን አንቀጽ ከመጽሐፉ አንድ ልጅ ጮክ ብሎ ያንብበው። የት ላይ እንደሚቆም አዳምጥ። ቅዳሜ የለመድከው ጆሮ እዚያም ይሠራልህ ይሆናል።

አንድ ነገር ነግሬህ ላብቃ። ልጅ ሳለሁ፣ በ1971 ክረምት፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በኋላ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ በ1972 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማትም አግኝቷል። ዘመኑ የግዴታ ዘመን ነበር። የቀረ ሰው ለምን ቀረህ ተብሎ ይጠየቃል። ብዙው ሰው ወዶ አልሄደም፤ ያንን መደበቅ አያስፈልግም። እናቴም መጀመሪያ እያጉረመረመች ነበር ማታ ማታ ቀበሌ የምትሄደው። ኩራዙን የምይዝላት እኔ ነበርኩ። የሚያስተምራት ልጅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ። እናቴ እስከዚያ ቀን የምትፈርመው በአውራ ጣቷ ነበር። አንድ ማታ ስሟን ከፊደል ፊደል አገናኝታ ጻፈችው። ልጁ ደብተሩን ወደ ኩራዙ አስጠግቶ አየው። እንደገና አየው። ከዚያ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ቆመ። እኔ ያኔ የማየው የእናቴን ፊት ነበር። አሁን በዚህ ዕድሜዬ ሳስታውሰው የሚመጣብኝ የልጁ ፊት ነው።

ሽማግሌውን ዝም ካልካቸው ሁለት ሳምንት ሆኗል። ዛሬ ማታ ቤታቸው ጎራ በልና መልስ ስጣቸው። የቅሬው ቤት ቁልፍ ማን ጋ እንዳለም እዚያው ጠይቃቸው።